የአውራ ጣት ቀለም

«ጠረጴዛውን ሰጥተናት የለም እንዴ! ከዚህ በላይ ምን ልትል ነው?»

የወንድሟ ሚስት ድምፅ ከማድ ቤት፣ በስሱ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ አልፎ መጣ። እሷ በዚያ ሰዓት ሳሎኑ ጥግ፣ አባቷ አርባ ዓመት በጻፉበት ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ፣ በአልኮል የራሰ ጥጥ በሁለት ጣቷ ይዛ ቀለም ታወጣ ነበር። ሴትየዋ ስልክ ላይ ናት። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው የሚለው አይሰማም፤ የሷ መልስ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። «ኧረ እየፈነጠዘች ነው የመጣችው! የቤቱንማ ገና አልነገራትም። እሱ መቼም መላ አያጣም፣ ቀስ ብሎ ይነግራታል። ትናንት አለቀ እኮ፤ የውልና ማስረጃው ሰውዬ እዚሁ ድረስ መጥቶ ቤቱን በሱ ስም አስፈረመልን።» ከዚያ ቧንቧ ተከፈተና የቀረውን ወሬ ውሃው ዋጠው። ጥጡ እጇ ላይ እንዳለ ቀረ። አልኮል ሲተን ጣት ያቀዘቅዛል፤ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ድረስ ሳታስቀምጠው ቆመች።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር ወንድሟ የደወለላት። ወንድሟ ስልክ የሚደውለው ሰው ሲታመምና ሰው ሲሞት ብቻ ነው። «አባባ ምን ሆኑ?» አለች፣ ሰላምታም ሳትሰጥ። አባባ ደህና ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ ቀለም ተደፍቶ ነው፤ ሚስቱ በሳሙናም በምንም ብላ እንደውም አሰፋችው፤ ያላንቺ የሚያወጣው የለም አላት። ልትዘጋው ስትል «ደግሞ ስሚ» አለ፤ «ጠረጴዛውን ላንቺ ወስነናል። አጽጂውና ውሰጂው። ካንቺ ሌላ ለማን ይገባል?» ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ የደስታ ነው። የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ ባልም ልጅም የላት፤ ሥራዋ የተጎዳ የእንጨት ዕቃ ማደስ ነው። ጎረቤቶቿ «ቫርኒሽ» ይሏታል፤ «ባሎቻችንንም አንድ እጅ ቀብተሽ ብታድሽልን ምን አለበት» እያሉ ይስቁባታል። ያን ቀን የምታስረክበው ቁም ሳጥን ነበራት። ለቁም ሳጥኑ ባለቤት ደውላ ለመነች፣ ቀኑን አስቀየረች፣ ጥጡን፣ አልኮሉን፣ በረኪናውን፣ የብርጭቆ ወረቀቱን፣ የሰሙን ቆርቆሮና ከአሮጌ ሹራብ የቀደደችውን ጨርቅ በዘንቢል ከታ ወጣች።

ሁለት ታክሲ ያስኬዳል። በሁለተኛው ላይ አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ ከዘንቢሉ ብቅ ያለውን የአልኮል ጠርሙስ አይተው «ሐኪም ነሽ ልጄ?» ብለው ጠየቋት። «የእንጨት» አለች። ሴትዮዋ ሳቁና ወዲያው ደግሞ በቁም ነገር፣ የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ትኩስ ድስት የተወውን ነጭ ክብ እንዴት እንደሚያስለቅቁ አማከሯት። ነገረቻቸው። የጥጥ ዋጋ ስንት እንደገባ አብረው አማረሩ። ሲወርዱ «እጅሽ ይባረክ» አሏት፤ ያን ቀን ከሰማችው ቃል ሁሉ ከልብ የተነገረው እሱ ብቻ እንደነበር ኋላ ትዝ አላት።

ወንድሟ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ አንዲት ተማሪው ውጭ መሪ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ጉንጯን ሳማት፣ ዘንቢሏን ተቀበላት፣ ወደ ጠረጴዛው ወሰዳት። እድፉ የሰሐን ስፋት አለው፤ ሐምራዊ ነው፤ ከአንዱ ጎኑ ጭራ የመሰለ ነገር ወጥቶ እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ ይሄዳል። «እስክሪብቶ ፈነዳ» አለ ወንድሟ። እሷ የእስክሪብቶ ቀለም ታውቃለች፤ ወፍራም ነው፣ ከላይ ይጋገራል። ይሄ ግን ቀጭንና ቅባት ያለው፣ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ የገባ የማህተም ቀለም ነው። ስለ እድፍ የማይዋሽ ደንበኛ አታውቅም፤ ትኩስ ድስት ያስቀመጠው «ፀሐይ መታው» ይላል፣ መጠጥ የደፋው «ዝናብ አፈሰሰበት» ይላል። እሷ ዓይኗ የሚያየውን አምና ትሠራለች፤ የሰውን አታስተባብልም። ወንድሟ «በይ በርቺ፣ ስድስት ሰዓት እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

ሥራ ከመጀመሯ በፊት አባቷን ልትስም ገባች። ከዓመት በፊት ግማሽ ጎናቸውን መታቸውና ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አሉ፤ ምላሳቸው ከብዷል፣ አእምሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ሌላ ጊዜ የእግሯን ኮቴ ሲሰሙ «ልጄ መጣች» ብለው በግራ እጃቸው ደብተር ከትራሱ ሥር ያወጡ ነበር። ደብተሩን የገዛችላቸው እሷ ናት። በየሳምንቱ እየመጣች ግራ እጃቸውን ይዛ ታስጽፋቸዋለች፤ ስድስት ወር ፈጅቶ ስማቸውን መጻፍ ችለዋል፤ መስመሩ የተንጋደደ፣ ፊደሉ አንዱ ዶሮ አንዱ በሬ የሚያክል፣ ግን የሳቸው ስም። ዛሬ ደብተሩ የለም። «ደህና ነሽ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ግንባራቸውን ሳመች። እጃቸውን ልትስም ስትፈልግ ሁለቱም ብርድ ልብስ ውስጥ ናቸው። ደክሟቸው ነው ብላ ወጣች።

አሁን፣ ከማድ ቤት የመጣውን ከሰማች በኋላ፣ እድፉን በሌላ ዓይን አየችው። እስከዚያ ድረስ ከዳር ወደ መሐል፣ ጥጡን ቶሎ ቶሎ እየቀየረች፣ እንዳይስፋፋ በዝግታ ግማሹን አንስታ ነበር። ወፍራሙ ቀለም ሲለቅ ከሥሩ የነበረው ወጥቷል። ሦስት ሞላላ ምልክቶች ናቸው፤ ሁለቱ ደብዛዛ፣ ሦስተኛው ላይ ግን እንደ ግንድ ቁርጥ ክብ ክብ የተደራረቡ መስመሮች ይታያሉ። የአውራ ጣት ነው። ጭራው የሚነሳው ከሦስተኛው ነው፤ ደግሞ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ አይደለም የሚሄደው፤ አቋርጦ ነው። የፈሰሰ ቀለም ጅማት አያቋርጥም። የተጎተተ ነው የሚያቋርጠው። የሰው እጅ ከብዶ ሲንሸራተት።

ጥጡን አስቀምጣ ወደ አባቷ ክፍል ገባች። አልተኙም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገችው። የማይንቀሳቀሰው እጃቸው አውራ ጣት እስከ አንጓው ሐምራዊ ነው። አባቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ልብሳቸው ሳይታሰብ እንደተገለጠባቸው ሰው ነበር አጨፋፈናቸው።

«አባባ፣ ምን ላይ አስፈረሙዎት?»

«አንቺ የማትፈልጊው ላይ» አሉ።

«እኔ የማልፈልገው ምን?»

«ቤት አልፈልግም ብለሻል። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ቤት ምን ያደርግልኛል፣ ለወንድሜ ይሁን ብለሻል።» ቃል በቃል፣ እያረፉ ነው የሚናገሩት። «መስጠትሽ አይደለም የከፋኝ። በየሳምንቱ እጄን ይዘሽ እያስጻፍሽኝ፣ ለኔ ሳትነግሪኝ ለሱ ነገርሽው። ባዳ ነኝ?»

«አላልኩም» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «አባባ፣ እናቴን፣ አላልኩም። ስለ ቤቱ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

አባቷ ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት። በደኅናው ጎናቸው ያለው ዓይን ብቻ እንባ ሞላ። የሆነውን ነገሯት። ሰውየው ከቢሮ ወረቀት ይዞ መጣ፤ አነበበላቸው። ደግፈው አስነሥተው ጠረጴዛው ዘንድ አስቀመጧቸው። «ስሜን እጽፋለሁ አልኩ። በግራዬ። እስክሪብቶ ስጡኝ አልኩ። ሰውየው ሰዓቱን አየ። ወንድምሽ አይድከሙ አባባ፣ ጣት ይበቃል አለና የሞተውን እጄን አነሳው። ሲያነሳው ቀለሙ ተደፋ።» ጨመሩ፦ «ውሉ ላይ መጻፍ ስለማይችሉ ተብሎ ተጻፈ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ።»

ይህን የሚሉት ሰው ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። ከገጠርም ከከተማም የመጣው ባለጉዳይ ጣቱን ለመቀባት ሲዘረጋ፣ አባቷ እጁን ይዘው «ቆይ እስቲ፣ ስምህ ማን ነው?» ይሉ ነበር። ማመልከቻው እስኪደርቅ ድረስ ስሙን ያስጽፉታል። ወረፋ የሚጠብቀው ያጉረመርማል፤ አንዳንዱ «እኚህ ሰውዬ ጸሐፊ ናቸው አስተማሪ?» ይላል፤ እሳቸው አይሰሙም። በዚያ በር የገቡ ስንትና ስንት ሰዎች በሕይወታቸው የጻፉት ብቸኛ ቃል የገዛ ስማቸው ነው፣ ያስጻፏቸውም እሳቸው ናቸው።

ወንድሟ ስድስት ሰዓት ላይ ተመለሰ፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ «አንቺ! ሊጠፋ ነው እኮ» አለ፣ ከልቡ ተደንቆ። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ጋሽዬ፣ ቤት አልፈልግም ያልኩህ መቼ ነው?»

ቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ። የሙያው ልማድ ነው፤ ሰው በድንገት ሲፈጥንበት የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ቤተሰቡ ሁሉ ይስቅበት ነበር። ሚስቱ ከማድ ቤት ወጥታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆመች። ወንድሟ መጀመሪያ ማን ነገረሽ አለ። ከዚያ ልነግርሽ ነበር አለ። ከዚያ ቁጣ መጣለት፤ ቁጣው ውስጥ ደግሞ እውነት ነበረበት። «ሌሊት ሌሊት ማነው የሚያገላብጣቸው? ማነው የሚያጥባቸው? አንቺ በሳምንት አንድ ቀን ደብተር ይዘሽ ትመጪያለሽ፣ እኛ ስድስቱን ቀን አለን። ይቺ» አለ ሚስቱን እያሳየ፣ «ይቺ የገዛ አባቷን እንዲህ አላስታመመችም። ቤቱ ያፈሳል፤ በሰው ስም ባለ ቤት ላይ ማነው ጣራ የሚቀይረው?»

«ልክ ነህ» አለች። «ይገባሃል። ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር። ለምን በኔ አፍ ዋሸሃቸው?»

«እምቢ ብትዪስ?» አለ ወንድሟ።

ከቤቱ ይልቅ የገደላት ይቺ ቃል ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እሱ አሥራ ስምንት። ፀጉሯን መጎንጎን ከጎረቤት ሴቶች ተምሮ፣ ጠዋት ጠዋት ጠማማ ሹሩባ እየሠራ ትምህርት ቤት አድርሷታል። ጓደኞቹ «እናት» እያሉ ሲያሾፉበት ሹሩባውን አልተወም። ዳቦ ሲቆርስ ሁለቱን ቁራሽ ጎን ለጎን ለክቶ ትልቁን ለሷ የሚሰጥ ሰው ነበር። እምቢ ትለኛለች ብሎ እሷን የፈራበት ቀን መቼ እንደመጣ ልታስበው ሞከረች፤ አልመጣላትም። ማድ ቤት ውስጥ የተጣደ ነገር ይንተከተካል። የወንድሟ ሚስት «ምሳቸው ሰዓት አልፏል» አለችና ሾርባ ቀድታ ወደ አባትየው ክፍል ገባች። እሷም ተከተለቻት፤ ወንድሟ ከኋላ መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«አባባ» አለች፣ አልጋው አጠገብ ቆማ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «የተዋዋሉት በውሸት ነው። ነገ እኔ ይዤዎት ልሂድ። አልፈልግም፣ ተታልዬ ነው ቢሉ ይሰረዛል። ስምዎትንም በራስዎ እጅ ይጽፉላቸዋል።»

አባቷ አዩዋት። ከዚያ በር ላይ የቆመውን ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ምራታቸው እጅ ላይ ያለው ማንኪያ ላይ አረፈና እዚያው ቆየ። ሴትየዋ ማንኪያውን እንደያዘች፣ ሳታቀርበው ሳታርቀው፣ ትጠብቃለች። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ድካም ነበር። ሾርባው ትንሽ ጠብታ ብርድ ልብሱ ላይ ጣለ፤ ማንም አልጠረገውም።

«ልጄ» አሉ አባቷ። «የምተኛው እዚህ ነው።»

አፋቸውን ከፈቱ፣ ማንኪያው ገባ። እሷ ቆማ አንድ ሳህን ሾርባ እስኪያልቅ አየች። ወንድሟ ከበሩ ዘንድ የለም፤ መቼ እንደሄደ አልሰማችም። ምራትየው አፋቸውን ጠርጋላቸው ሳህኑን ይዛ ስትወጣ፣ እሷን ሳትነካ ለማለፍ ጎኗን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። አባቷ የዚያን ጊዜ በግራ እጃቸው ቀኝ እጃቸውን እንደ ዕቃ አንሥተው ብርድ ልብሱ ላይ አወጡት።

«ይሄን አጽጂልኝ» አሉ። «ሰው ሳያይብኝ።»

ጥጥና አልኮል አመጣች። የሰው ቆዳ እንደ እንጨት አይደለም፤ ቀለም ቶሎ ይለቃል፣ ከጥፍር ሥርና ከመስመሮቹ ውስጥ ግን እምቢ ይላል። የጥርስ እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልላ ጥፍራቸውን ዞረችው። ጣቱ አይሰማውም፤ ስለማይሰማው ደግሞ ይበልጥ ተጠነቀቀች። አባቷ ጣሪያውን እያዩ «አዝነሽብኛል?» አሉ። አዎ ማለት አልቻለችም፣ አይ ማለትም ውሸት ሆነባት። «ዝም ይበሉ፣ አልኮሉ ዓይንዎት ውስጥ ይገባል» አለቻቸው። አልኮሉ ዓይናቸው ውስጥ የሚገባበት መንገድ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። እጁን በእርጥብ ጨርቅ አበሰችው፣ ሳመችው፣ መልሳ ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባችው።

ከዚያ ዘንቢሏን አንሥታ ትወጣለች ብሎ ያሰበ ሁሉ ተሳሳተ፤ ራሷም ትወጣለሁ ብላ ነበር። ጠረጴዛው ዘንድ ስትደርስ ግን እንዲያ ግማሹ ተፍቆ ሲያዩት አባቷ ምን ይሰማቸዋል ብላ ቆመች። ይህ የጣት ምልክት ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ሊታይባቸው ነው። ተቀመጠች። እንጨቱ ውስጥ የሰረገውን ቀለም በጥቂት በረኪና እየነካች፣ እየጠበቀች፣ እያበሰች አነጣችው። አንድ ሰዓት ፈጀ። በደቃቁ የብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን ጅማት ተከትላ አለሰለሰችው፣ ቀለሙን ከቀሪው ጋር አመሳሰለችው፣ ሰም ቀብታ በሹራቡ ጨርቅ ፊቷ እስኪታይበት ድረስ አሸችው። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ እሷ ሌላ ቦታ ነበረች። ወንድሟ ሁለት ጊዜ መጥቶ ከኋላዋ ቆሞ ተመለሰ። በሦስተኛው ሻይ ይዞ መጣ፤ አጠገቧ ወንበር ላይ አስቀመጠላት፤ እሷም አመሰገነች፤ ሳትጠጣው ቀዘቀዘ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረሰች። ዕቃዋን ለቃቅማ፣ የቆሸሸውን ጥጥ በላስቲክ ቋጥራ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። «እስከ ነገ ምንም ነገር እንዳታስቀምጡበት» አለች፤ ለማንኛውም ደንበኛ የምትለውን፣ በዚያው ድምፅ። ወንድሟ ጠረጴዛውን ዳሰሰ። አይኑን ወደሷ ሳያነሳ «ነገ ጋሪ ላምጣና ልላክልሽ?» አለ። «ወይስ መቼ ትወስጂዋለሽ?»

«አልወስደውም።»

«ለምን? ያንቺ ነው እኮ! አኩርፈሽ ነው?»

«አይ» አለች። «የቤቴ በር ጠባብ ነው። አይገባም።»

ባለፈው ሳምንት ባለ ሦስት መዝጊያ ቁም ሳጥን ሳይፈታ፣ አራት ሰው ግራና ቀኝ ይዞት የገባበት በር ነው። ወንድሟ ግን አሥራ አንድ ዓመት ወደኖረችበት ቤት አንድም ቀን መጥቶ ስለማያውቅ፣ ትንሽ አሰበና አመናት። «አይ እንግዲህ፣ ከሆነማ ምን ይደረጋል» አለ፤ እፎይ እንዳለ ድምፁ ያስታውቅ ነበር። በር ድረስ ሸኛት።